ምድር የሚለካ ርችት ተኳሽ

ከደባርቅ ወጣ ብሎ ወልቀፊት አፋፍ ላይ የቆመ ሰው የሊማሊሞን ጥምዝምዝ መንገድ፣ ከዚያም በታች የድብ ባሕርን ቆላ ቁልቁል ያያል። የመስቀል ሰሞን ከሆነ በየመንደሩ የሚለኮሰው ችቦ ከሩቅ እንደ ተበተነ ፍም ብልጭ ድርግም ይላል። ሌላው አገር ሰው ርችት ለማየት ያንጋጥጣል። ከድብ ባሕር ሜዳ አንድ ትልቅ ርችት ቢተኮስ ግን የወልቀፊት ሰው የሚያየው አጎንብሶ ነው። 150 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የርችት ኳስ ሽቅብ የሚወጣው 180 ሜትር ገደማ ሲሆን የሊማሊሞ ገደል ይህን በብዙ እጥፍ ያስከነዳል። አበባው ከእግሩ ሥር ይፈነዳል፤ ድምፁ ኋላ ይደርሳል። ቦታው አምስት ኪሎ ሜትር ቢርቅ በብልጭታውና በድምፁ መካከል 15 ሰከንድ ያህል አለ። «አቡነ ዘበሰማያት» ተጀምሮ እስከ መንፈቁ ይደርስበታል።

እንዲህ ያለ ትርኢት እዚያ ሲታይ አላየሁም። ሐሳቡ ግን ካደረብኝ ቆይቷል፤ ርችት መተኮስን መተዳደሪያቸው ያደረጉ ሰዎች ሥራቸውን እንዴት እንደሚሠሩ እንዳጠያይቅ የገፋፋኝም እሱ ነው።

ርችት የሚለው ቃላችን ብዙ ነገር ይሸከማል። ሠርግ ላይ ኬክ ሲቆረስ ሚዜው ወገቡን ጠምዝዞ ባለቀለም ወረቀት የሚያስረጨው ርችት ነው፤ ያው አየር ታምቆበት ነው እንጂ ባሩድ የለበትም። ኬኩ ላይ ተሰክቶ ፍንጣሪ የሚተፋው፣ ልጆች በበዓል ዋዜማ ለኩሰው የሚያወዛውዙት ሽቦም ርችት ይባላል። ከጥቂት ዓመት በፊት ደባርቅ በታደምኩት ሠርግ ሚዜው ርችቱን ገልብጦ ይዞት ኖሮ፣ ወረቀቱ በሙሉ የሙሽራው አባት ጋቢ ውስጥ ገባ። አዛውንቱ ወረቀቱን ከጢማቸው ላይ እየለቀሙ «እንዲህም ተኩስ አለ እንዴ ልጆቼ?» ቢሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ንቀታቸው ይገባኛል። ለደስታም ለኀዘንም ወደ ሰማይ መተኮስ ለጎንደር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ሁሉ ተመልሶ ይወርዳል፤ ማን ቤት ጣሪያ ላይ፣ ማን አናት ላይ እንደሚያርፍ ተኳሹ አያውቅም። ርችት ግን ሽቅብ ወጥቶ እዚያው እንዲያልቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። የርችት ድርጅት ሙያ ተብሎ የሚከፈልበትም ይኸው ነው፦ የላከውን ሰማይ ላይ አቃጥሎ መጨረስ፣ ያልጨረሰውም የት እንደሚወድቅ አስቀድሞ ማወቅ።

ትልቁን ርችት ቀርቦ ያየ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። ቡናማ ወረቀት ደራርበው የለጠፉበት ኳስ ነው፤ የ75 ሚሊሜትሩ ከብርቱካን እምብዛም አይበልጥም። ከሥሩ ትንሽ የባሩድ ከረጢት አለችው፤ ኳሱን ሽቅብ የምትወረውረው እሷ ናት። ሆዱ ውስጥ ባለሙያዎቹ «ኮከብ» የሚሏቸው እንክብሎች ታጭቀዋል፤ ኮከቦቹን አቀጣጥሎ የሚበትን ሌላ ባሩድም አብሯቸው አለ። ከውጩ እሳት ወደ ውስጡ እሳት የሚያደርሰው ቀስ ብሎ የሚነድ ክር ነው። የከረጢቷ ባሩድ ሲቀጣጠል በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይሆናል፤ ኳሱ ከቱቦው ይወረወራል፣ ክሩም ይለኮሳል። ክሩ ሦስት አራት ሰከንድ ነድዶ ሆዱ ውስጥ ሲደርስ ኳሱ መውጣቱን ጨርሶ መውረድ ገና አልጀመረም። የሙያው ምሥጢር ያለው በዚያች ቅጽበት ነው። ክሩ ከቸኮለ ኳሱ ቱቦው አፍ ላይ ይፈነዳል፤ ከዘገየ እየነደደ ሰው መሃል ይወርዳል።

ቱቦው ሞርታር ይባላል፤ ከጦር መሣሪያው ጋርም የሚጋራው ስሙን ብቻ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ሞርታር ነበር፤ አጭር፣ ወፍራም፣ አፉን ወደ ሰማይ የከፈተ። የርችት ቱቦ የእሱ የወንድም ልጅ ነው ቢባል ያስኬዳል። ልዩነቱ የዛሬው ቱቦ ብዙውን ጊዜ ከወፍራም ፕላስቲክ ወይም ከተጠቀለለ ወረቀት መሠራቱ ነው፤ ኳሱ ውስጡ ቢፈነዳ የብረት ስብርባሪ የሚያደርሰውን ጉዳት አያደርስም።

ወረቀት የተለበጠ ኳስ በእፍኝ ባሩድ መቶና ሁለት መቶ ሜትር መውጣቱ ለሚያስገርመው ሰው ከዚሁ አካባቢ ታሪክ አለ። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ገባ። ቤተ መንግሥት ውስጥ በጠመንጃ ጉዳይ ክርክር ተነሥቶ፣ በእርሳስ ጥይት ፈንታ የሻማ ቁራጭ አጉርሶ በንጉሡ ፊት ሦስት ጋሻ ደርድሮ እንደተኮሰና ሻማው ሦስቱንም እንደበሳቸው ራሱ ጽፏል። ብሩስ ያጋንናል የሚሉት ብዙ ናቸው። ሻማው ግን ባሩድ ለሚያውቅ ሰው ማጋነን አይደለም፤ ፍጥነት ካገኘ ለስላሳውም ጠንካራውን ይበሳል። ርችት ተኳሽም ቱቦ ላይ አንገቱን የማያሰግገው፣ ተኩሱ ቢከሽፍም እንኳ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ የማያየው ለዚህ ነው።

ስለ ቀለሙ ባጭሩ፦ ቀዩ ከስትሮንቲየም፣ አረንጓዴው ከባሪየም፣ ቢጫው የወጥ ጨው ውስጥ ከሚገኘው ሶዲየም ይመጣል። ሦስቱም ለባለሙያ ብዙ አያስቸግሩም። የሚያስቸግረው ሰማያዊ ነው፤ ከመዳብ የሚገኘው ይህ ቀለም ሙቀት ሲበዛበት ይጠፋል፣ ሙቀት ሲያንሰው አይታይም። ባንዲራችንን ሰማይ ላይ ልሣል ያለ ርችት ተኳሽ እንግዲህ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ጨርሶ ላቡ የሚመጣው መሃሉ ያለችው ክብ ጋ ሲደርስ ነው።

ተመልካች የሚያየው 15 ወይም 20 ደቂቃ ነው። ሠራተኛው ግን ለዚያች ደቂቃ ቀናት ያህል አፈር ላይ ሲንበረከክ ይቆያል። ቱቦዎቹ እንዳይገለበጡ በእንጨት ማቀፊያ ይቸነከራሉ ወይም አሸዋ ውስጥ ይቀበራሉ፤ እያንዳንዱ ኳስ በእጅ ይገባል፣ እያንዳንዱ ኳስ የራሱ ሽቦ አለው። በክብሪት ለኩሶ መሮጥ ድሮ ቀርቷል ባይባልም ትልልቆቹ ድርጅቶች የሚተኩሱት በኤሌክትሪክ ነው፤ ሽቦው ጫፍ ላይ ያለች የክብሪት ራስ የምታክል ነገር ከሩቅ በተላከ ኤሌክትሪክ ትቀጣጠላለች። የማን ተራ መቼ እንደሆነ የሚጠራው ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተርም ይሳሳታል። በሰኔ 2004 ዓ.ም. አሜሪካ ሳንዲያጎ ወደብ ላይ 18 ደቂቃ ሊቆይ የተዘጋጀ ርችት፣ በትእዛዝ ፋይሉ ላይ በተፈጠረ ስህተት፣ በ15 ሰከንድ ገደማ ውስጥ አንድ ላይ ነደደ። ወደቡ ቀን መሰለ። ሰው ግን አልተጎዳም፤ ሠራተኛውም ተመልካቹም በልክ ርቀው ነበርና።

ስለዚህ እውነተኛ የርችት ድርጅት አንድ ከተማ ሲገባ መጀመሪያ ከመኪናው የሚያወርደው ሜትር ነው። በአሜሪካ የሚሠራበት ልክ ለእያንዳንዱ 25 ሚሊሜትር የኳስ ስፋት 21 ሜትር ባዶ መሬት ይጠይቃል። የ150 ሚሊሜትሩ ኳስ በዚህ ስሌት በየአቅጣጫው 126 ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት አይበቃውም። ቆርቆሮው ከቆርቆሮ በተነካካበት፣ ክምር ድርቆሽ በየጓሮው በቆመበት ከተማ ይህን ያህል ባዶ ቦታ ማግኘት ከርችቱ ዋጋ በላይ ራስ ምታት ነው። መጋዘኑም እንደዚሁ። በግንቦት 1992 ዓ.ም. ኔዘርላንድስ ኤንስኬዴ ከተማ መኖሪያ ሰፈር መሃል የነበረ የርችት መጋዘን ፈንድቶ 23 ሰው ሲሞት ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ሰው ቆስሏል። ርችት ዕቃ ቤት ውስጥ «ለበዓል ይሆናል» ተብሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም።

ደባርቅ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ከፍታው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር የማያንስ በመሆኑ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ኳሱን እምብዛም ስለማይገታው ሽቅብም ይበልጥ ይሄዳል፣ ፍንጣሪውም ይበልጥ ይርቃል። በዚያው ልክ ግፊቱ ሲቀንስ ክሩ ቀስ ብሎ ይነድዳል። የዓለም ርችት ከሚመረትባቸው ዋና ቦታዎች አንዷ በሆነችው በቻይናዋ ሊዩያንግ ዝቅተኛ ምድር ላይ የተለካ ሦስት ሰከንድ፣ ደባርቅ ሲደርስ ያው ሦስት ሰከንድ አይሆንም። ልምድ ያለው ሰው ከትርኢቱ በፊት ጥቂት ኳስ ለሙከራ ይተኩሳል፤ ልምድ የሌለው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ያምናል።

ነፋሱም አለ፣ ከነፋሱም በላይ ሣሩ። በ2011 ዓ.ም. በልግ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን የበላው እሳት በአካባቢው ሰው ቅጠልና አፈር አልጠፋ ብሎ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው ነበር። ፓርኩን በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ ዋልያው በሌላ አገር አይገኝም። ጭላዳ ዝንጀሮ ደግሞ ሌሊቱን የሚያድረው ገደል ፊት ላይ በጠባብ እርከን ተጣብቆ ነው። በጨለማ ደንግጦ መሮጥ ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ ገደሉን ያየ ይገምተው። በበኩሌ ከፓርኩ በር አካባቢ፣ በተለይ ከጥር እስከ ግንቦት፣ ማንም ርችት እንዲተኩስ አልመክርም።

ድምፁ የሚያስደነግጠው አውሬን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በነሐሴ 2013 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት አጠገብ ጭና ድረስ ዘልቆ ብዙ ሰላማዊ ሰው አልቋል። ያን ሰሞን የከባድ መሣሪያ ድምፅ የሰማ ልጅ ዛሬም በር ሲላተም ይበረግጋል። ለቡሄ ጅራፍ ሲጮህ አይደነግጥም፤ የጅራፉን ጫፍ ከድምፅ በላይ የሚያፈጥነው የጎረቤቱ ልጅ መሆኑን ያውቃል፣ ዓይኑ እያየ ነው የሚጮኸው። ርችት ግን ሳይነገር የሚመጣ ከሆነ ከመድፍ የሚለየው ቀለሙ ብቻ ነው። ጣሊያን ውስጥ ኮሌኪዮ የምትባል ከተማ ለእንስሳት ስትል ድምፁ የቀነሰ ርችት ብቻ እንዲተኮስ ደንብ አውጥታለች፤ ለሰው ሲባል ደግሞ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ፣ በገበያም በድምፅ ማጉያ መናገር ብዙ ወጪ የለውም።

በአገራችን ርችት በብዛት የሚታወቀው በአዲስ አበባ ነው፤ የ2000 ዓ.ም. መባቻ ሌሊት ብዙ ሰው ዛሬም ያነሣዋል። በቅርብ ዓመታት ግን የደመራ ሰሞን የሚወጣው የፖሊስ መግለጫ ርችት መተኮስ ክልክል መሆኑን ደጋግሞ ያስታውሳል፤ ጥይትና ርችት በድምፅ በማይለዩበት ጊዜ ክልከላው አይገርምም። በጳጉሜን 2017 የህዳሴው ግድብ ሲመረቅ ዋዜማው ላይ ሰማዩን የጻፉበት በሌዘርና በድሮን መሆኑ ደግሞ ርችት ተኳሹ እንጀራው ላይ ተፎካካሪ እንደመጣበት ያሳያል። ድሮን ሣር አያቃጥልም፣ አይጮህም። የባሩድ ሽታ ግን የለውም፤ ደረት ውስጥ ገብቶ የሚመታውም ነገር የለም።

የመጨረሻው ኳስ ፈንድቶ ሰው እያጨበጨበ ወደ ቤቱ ሲሄድ የድርጅቱ ሰዎች አይነሡም። ሳይተኮስ የቀረ ቱቦ ዘግይቶ ሊነሣ ስለሚችል ለግማሽ ሰዓት ያህል ማንም አይጠጋም። ከዚያ በባትሪ አንድ ዙር፣ ሲነጋ ደግሞ ሜዳውን ጎን ለጎን ተሰልፈው ስንዝር በስንዝር ሌላ ዙር ይፈትሻሉ። ሰማይ ላይ ሳይፈነዳ የወደቀ ኳስ ሣር ውስጥ ተኝቶ እረኛ እንዲያገኘው ከተተወ ሥራው ገና አላለቀም። በጎንደርና በዙሪያዋ ብዙ ቦታ ደመራ የሚለኮሰው መስከረም 17 ንጋት ላይ ነው፤ ትርኢቱ በመስቀል ዋዜማ ቢሆን የፍተሻው ሰዓት ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ከሚወጣበት ሰዓት ጋር ይገጥማል። አዛውንቶቹ ደመራው በየት በኩል እንደሚወድቅ ሊያዩ ቀና ብለው፣ ርችት ተኳሾቹ የወደቀችውን ሊያገኙ አጎንብሰው። ካገኟት በእጅ አትነሣም፤ መጀመሪያ ጠጥታ እስክትጠግብ ውሃ ይፈስባታል። ለዚህ የሚሆን ቢጫ ጀሪካን ደባርቅ ላይ በየቤቱ አለ። ውሃው በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ግን ተኳሹ ቀን ሳይቆርጥ በፊት ሰፈሩን ይጠይቅ።