ሞተሩ የሚጠጣው ውሃ

ባሕር ዳር ላይ ልምድ ያለው የጀልባ ነጂ ሞተሩን እንዳስነሳ ጎንበስ ብሎ ጭስ ማውጫውን ያያል። ከጭሱ ጋር ውሃ እየተቆራረጠ ቡፍ ቡፍ ሲል ልቡ ያርፋል፤ በጣና ሐይቅ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ የሚሄዱትን መንገደኞች "ግቡ" ይላል። ጭሱ ደረቅ ሆኖ ድምፁ ከጎረነነ ግን ወዲያው ያጠፋዋል። ሞተሩ ውሃ እየጠጣ አይደለም ማለት ነው።

ናፍጣ ተቃጥሎ ከሚሰጠው ጉልበት ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ሲሶው ገደማ ብቻ ነው። ሌላው ሲሶ ያህል ከጭሱ ጋር ይወጣል፣ የቀረው በአብዛኛው ብረቱን ያግለዋል። መኪና ይህን ግለት በራዲያተር ለነፋስ ያስረክባል። የጀልባ ሞተር ግን ከወለል በታች ታፍኖ ስለሚቀመጥ ግለቱን የሚረከበው ሐይቁ ነው። (ከኋላ የሚንጠለጠሉት ትናንሽ ሞተሮች ማቀዝቀዣቸውም ጭስ ማውጫቸውም አብሮ የተሠራ ስለሆነ ከታች የማነሳው ማቀዝቀዣ የመቀየር ጥያቄ አይመለከታቸውም።)

ርክክቡ በሦስት መንገድ ይፈጸማል። ቀላሉ የሐይቁን ውሃ በፓምፕ ስቦ በቀጥታ በሞተሩ አካል ውስጥ ማዞር ነው። ሁለተኛው ሞተሩ የራሱን የታሸገ ውሃ እያዞረ፣ የሐይቁ ውሃ በሙቀት መለዋወጫ በኩል በጎኑ አልፎ እንዲያበርደው ማድረግ ነው። ሦስተኛው የታሸገውን ውሃ በጀልባው ሆድ ሥር በተዘረጋ ቱቦ መላክ ነው፤ በዚህኛው አንድ ጠብታ የጣና ውሃ ወደ ውስጥ አይገባም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት መንገዶች የሐይቁ ውሃ ሞተሩን አብርዶ ሲጨርስ ወደ ጭስ ማውጫው ክርን ይረጫል። ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊደርስ የሚችለው ጭስ ያኔ በርዶ በጎማ ቱቦ መሄድ ይችላል፤ ድምፁም ይለዝባል። ማቀዝቀዣውን የነካ ሰው ጭስ ማውጫውንም የሚነካው ለዚህ ነው።

የቆየ ሞተር ሲሞቅ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምክር "ወደ ሙቀት መለዋወጫ ቀይረው" የሚል ነው። ምክሩ የተወለደው ባሕር ላይ ነው። የባሕር ውሃ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲያልፍ ጨዉና ማዕድኑ በሞተሩ ቀዳዳዎች ውስጥ መጋገር ይጀምራል፤ ብረቱንም ይበላል። እዚያ ያንን ውሃ ከሞተሩ ሆድ ማስወጣት ዕድሜ መግዛት ነው። ጣና ግን ጨው የለውም። የጣና ችግር፣ ክረምት ላይ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ይዘውት የሚገቡት ደለል ነው፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ እምቦጭ አለ። የእምቦጭ ሥር እንደ ጥቁር ፀጉር ነው፤ ተበጥሶ መሳቢያው አፍ ላይ ከተለጠፈ ሞተሩ ይጠማል። ሙቀት መለዋወጫ ለዚህ መድኃኒት አይሆንም፤ እሱም ያንኑ ውሃ በዚያው አፍ ነው የሚጠጣው።

አንድ ጥቅሙን ግን አልክድም። ሐይቁ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። የታሸገ ውሃ በጥሩ ክዳን ሥር ግፊት ስላለበት ከ110 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ይህም የለም።

የሚያሳስበኝ ገንዘቡ ከምርመራው መቅደሙ ነው። አንድ ወዳጄ ሞተሩ እየሞቀበት ለአዲስ ማቀዝቀዣ ገንዘብ አሰባስቦ ነበር። መካኒኩ መጀመሪያ ፓምፑን ፈታ፤ ከስድስቱ የጎማ ክንፎች ሁለቱ የሉም። ቁርጥራጮቹ የቱቦው መታጠፊያ ላይ እንደ ቡሽ ተወትፈው ተገኙ። ቀጥሎ የጭስ ማውጫውን ክርን አወረደ። ጣት ማስገባት የነበረበት ቀዳዳ በጥላሸትና በዝገት ተደፍኖ እርሳስ እንኳ አላስገባ አለ። ጎማው ተቀየረ፣ ክርኑ ተቀየረ፣ ሞተሩ ሰከነ። ያ ጎማ ያለ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ከዞረ ስለሚቃጠል ትርፍ ሳይዙ ከዳር መራቅ አይገባም።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ፣ ማጣሪያው ጸድቶ፣ ቴርሞስታቱ ተቀይሮ ሞተሩ አሁንም ከሞቀ፣ ወይም ጀልባው በየቀኑ እምቦጭ ሰንጥቆ የሚያልፍ ከሆነ መቀየሩን እደግፋለሁ፤ ምርጫዬም ሦስተኛው መንገድ ነው። ግን ወጪው በቱቦው አያበቃም። የሐይቅ ውሃ ካልገባ ጭሱን የሚያበርደው የለምና የጎማው ቱቦ ወጥቶ የብረት ቱቦና ማርሚታ ይገባል፤ እንጨትና ሰው እንዳያቃጥልም ሙቀት በሚችል መጠቅለያ ይሸፈናል። ድምፁ ይጨምራል። መገጣጠሚያው ከላላ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ተሳፋሪው ወደተቀመጠበት ይገባል፤ እዚህ ላይ ቸልታ ሕይወት ይበላል። የሆድ ሥሩ ቱቦም ድንጋያማ ዳርቻ እንዳይመታው መከለያ ይፈልጋል።

ውሃ የሚረጨውን ጭስ ማውጫ ይዞ የሚቀጥል ባለጀልባ አንድ ነገር ለነጂው ይንገርልኝ። ሞተር አልነሳ ሲል ማስነሻውን ደጋግሞ ማዞር አደገኛ ነው። ፓምፑ በዞረ ቁጥር ውሃ ይገፋል፤ ገፍቶ የሚያስወጣው ጭስ ስለሌለ ውሃው ተጠራቅሞ ወደ ሲሊንደር ሊመለስ ይችላል። ውሃ አይታመቅምና ከፒስተኑ ጋር የተያያዘው ዘንግ (ቢዬላው) ይታጠፋል። ሞተሩ እምቢ ካለ የመሳቢያውን ቧንቧ ዘግቶ ይሞክር፤ እንደተነሳ ወዲያው ይክፈተው።

ጥገናው ሲያበቃ ባዶ ጀልባ ዳር ዳር መንዳት ፈተና አይባልም። የተሳፋሪውን ያህል ክብደት በአሸዋ ከረጢት ጭኖ፣ ሙሉ ጋዝ ሰጥቶ ግማሽ ሰዓት መሄድ፣ ከዚያ የጭስ ማውጫውን የጎማ ቱቦ በመዳፍ መዳሰስ ነው። መዳፍ ካልቻለው የሚረጨው ውሃ አንሷል።