የአክስቴ አረንጓዴ ቀለበት

አክስቴ የምትኖረው ነገሌ ቦረና ነው። ልጇ አረንጓዴ ፈርጥ ያለው ቀለበት ሲገዛላት ሻጩ «የሻኪሶ ኤመራልድ ነው» ብሎታል። የሻኪሶ ኤመራልድ ወሬ በአካባቢው የሞቀ ስለሆነ ልጁ አልተጠራጠረም፤ የወራት ቁጠባውን አወጣበት።

አዲስ አበባ ስትመጣ ቀለበቱ ሰፍቷት ስለነበር ላስጠብብላት ፒያሳ አንድ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ወሰድኩት። ሰውየው በማጉያ መነጽር አገላብጦ አየው። «ይኼ ኤመራልድ አይደለም፣ ፔሪዶት ነው» አለኝና ማጉያውን ሰጠኝ። በድንጋዩ ውስጥ አሻግሬ ሳይ የኋላው ጠርዞች ጥንድ ጥንድ ሆነው ታዩኝ። ፔሪዶት ብርሃንን ለሁለት አጉልቶ ስለሚከፍል ነው አለኝ። የዋጋውን ልዩነት ሲነግረኝ ደነገጥኩ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ስለ ድንጋይ የማውቀው አልነበረም። ያን ሰሞን ግን ሌላ ነገር ማንበብ አቃተኝ።

ፔሪዶት ኦሊቪን የሚባለው ማዕድን ለጌጥ የሚሆነው ዓይነት ነው። በያቤሎና በሞያሌ መካከል ባለችው ሜጋ አካባቢ የጥንት እሳተ ገሞራዎች ከምድር ቅርፊት በታች ያለውን ኦሊቪን የሞላበት አለት ቦጭቀው ከጥቁሩ ድንጋይ ጋር ወደ ላይ አውጥተውታል። ጨው የሚወጣበት የኤል ሶድ ጉድጓድም የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። የሜጋን አለቶች የመረመሩ የፈረንሳይና የጣሊያን ተመራማሪዎች ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ1997 አሳትመዋል።

የአክስቴ ድንጋይ ከዚያ ይሁን ከሌላ አገር በዓይን አይለይም። ፍንጩ ያለው በውስጡ እጅግ በጥቂቱ በተደባለቁት ንጥረ ነገሮች ነው። የሚለኩት ከሚሊዮን ስንት እየተባለ ነው፤ ከሚሊዮን አንድ ማለት በ10 ኩንታል ጤፍ ውስጥ 1 ግራም ጨው እንደማለት ነው። ሌዘር በድንጋዩ ላይ የፀጉር ውፍረት የሚያህል ቀዳዳ ይበሳል። ብናኙ በጋዝ ተገፍቶ በሺዎች ዲግሪ የጋለ ፕላዝማ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ አተሞቹ በክብደታቸው ተለይተው ይቆጠራሉ። ከጥልቅ የመጣ ኦሊቪን ብዙውን ጊዜ ከሚሊዮን 3,000 ገደማ ኒኬል አለው፤ ካልሲየሙ ግን ትንሽ ነው። እነዚህንና ሌሎቹን ቁጥሮች ቦታቸው ከታወቀ ናሙናዎች ጋር ማነጻጸር ነው። ያም ቢሆን ሁልጊዜ እርግጠኛ መልስ አይሰጥም።

ለአክስቴ እውነቱን ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ «ለልጁ እንዳትነግሪው» አለችኝ። (በኋላ ራሷ ነግራዋለች፤ ይህን የጻፍኩትም በሁለቱም ፈቃድ ነው።) የት እንደተገኘ ላቦራቶሪ ሊያጣራልን ይችላል፣ የምትበሳውም በዓይን የማትታይ ቀዳዳ ናት ስላት ቀለበቱን ከእጄ ወሰደች።

«ቀዳዳ? በልጄ ቀለበት ላይ?»