ጉጉት ሌሊት ምን ስትሠራ ታድራለች?

ጉጉትን የማያውቃት የለም፤ ወዳጅ ግን የላትም። ቤት አጠገብ ከጮኸች «ሰው ልትጠራ ነው» እንላለን። ድንጋይ እንወረውርባታለን። ልጆቻችንም ከእኛ አይተው ይወረውራሉ። ታዲያ ይህች ወፍ ሌሊቱን ሙሉ ምን ስትሠራ እንደምታድር ጠይቀን እናውቃለን? በዛሬው ንባባችን እሱን እንመለከታለን።

ብዙ ዓይነት ጉጉት አለ። የምንናገርላት ፊቷ ነጭ፣ የፊቷም ቅርጽ እንደ ልብ የሆነው ናት። በአገራችንም በሌሎች ብዙ አገሮችም ትኖራለች። ቀን ቀን በገደል ስንጥቅ፣ ውስጡ በተቦረቦረ ዛፍ፣ በአሮጌ ቤት ጣሪያ ሥር ተሸሽጋ ትውላለች። ሲመሽ ለአደን ትወጣለች። የምታድነውም ከሁሉ ይልቅ አይጥን ነው።

በጨለማ አይጥን እንዴት ታገኛለች? ዓይኗ ጥሩ ነው፤ ዋናው ሀብቷ ግን ጆሮዋ ነው። እኛ ራቅ ያለ ድምፅ መስማት ስንፈልግ መዳፋችንን ከጆሯችን ኋላ እናደርጋለን። የጉጉት ፊት እንደዚያ መዳፍ ነው፤ ድምፅ ይሰበስባል። ሁለቱ ጆሮዎቿ እኩል አይደሉም፤ አንዱ ከሌላው ከፍ ይላል። ስለዚህ ድምፁ ከግራ ይሁን ከቀኝ፣ ከላይ ይሁን ከታች ለይታ ታውቃለች። ሮጀር ፔይን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህን ፈትኖ አይቷል። ምንም ብርሃን በማይገባበት ክፍል ውስጥ ጉጉቷ የአይጧን ኮሽታ ብቻ ሰምታ ያዘቻት። የምርምሩን ውጤት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1971 አሳትሞታል።

አይጧስ ጉጉቷ ስትመጣ ለምን አትሰማም? የጉጉት ክንፍ ስለማይጮህ ነው። ርግብ ስትነሣ ክንፏ ይንጫጫል። የጉጉት ላባ ግን ለስላሳ ነው፤ የፊተኛው ጠርዙም እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰነጣጠቀ ነው። ነፋሱ በዚያ መካከል ተከፋፍሎ ስለሚያልፍ ድምፅ አይሰማም። አይጧ ነገሩን የምታውቀው ጥፍሩ ከገባባት በኋላ ነው።

ጉጉት አይጧን አታኝክም፤ እንዳለች ትውጣታለች። ሥጋው በሆዷ ይፈጫል። አጥንቱና ጸጉሩ ተጠቅልሎ በአፏ ይወጣል። ጉጉት በምታድርበት ዛፍ ሥር ይህን ጥቁር እንክብል ማግኘት ይቻላል። የሚጠራጠር ሰው በእንጨት ፈልቀቅ አድርጎ የአይጡን ራስ ቅል ይቁጠር፤ እጁን መታጠብ ግን አይርሳ። አንዲት ጉጉት በሌሊት ሦስት አራት ትንንሽ አይጥ ትበላለች። ሦስት ብቻ ብንል እንኳ በዓመት ከ1000 ይበልጣል። እነዚያ አይጦች ከክምራችንና ከጎተራችን ምን ያህል እህል ይበሉ እንደነበር ገበሬ ያውቀዋል።

ጩኸቷስ? ጨርቅ ሲቀደድ እንደሚሰማው ያለ ሻካራ ጩኸት ነው። ሌሊት ሲሰሙት ያስደነግጣል፤ አንክድም። ነገር ግን እናስተውል። የታመመ ሰው ባለበት ቤት ቤተሰቡ ነቅቶ ያድራል። ነቅቶ ያደረ ይሰማል። በሌላውም ሌሊት ትጮሃለች፤ ያን ጊዜ እኛ ተኝተናል። በሽተኛው ቢሞት ጩኸቷን እናስታውሳለን፤ ቢድን እንረሳዋለን።

እንቁላሏ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ሰባት ነው። እናቲቱ አንድ ወር ያህል ታቅፋለች፤ ወንዱ ምግብ ያመጣላታል። ጫጩቶቹ ባንድ ቀን አይፈለፈሉም፤ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ነው። አይጥ ከጠፋ ታላላቆቹ ይተርፋሉ፤ ታናሹ በረሃብ ይሞታል። በሰሜን ጫፍ በበረዶ አገር፣ በካናዳና በሩሲያ፣ የምትኖር ነጭ ጉጉትም አለች። እግሯ እስከ ጣቷ ድረስ ላባ ለብሷል። እዚያ በበጋ ፀሐይ ስለማትጠልቅ በቀንም ታድናለች። የአገሩ አይጥ ሲበዛ እስከ 11 እንቁላል ትጥላለች፤ ሲጠፋ ጨርሶ ሳትጥል የምትቀርበት ዓመት አለ። ጉጉት የትም ትኑር ኑሮዋ ከአይጥ ጋር የታሰረ ነው።

ጉጉት ብቻዋን አይጥን ታጠፋለች አንልም። ጎተራን ከመሬት ከፍ አድርጎ መሥራት፣ ዙሪያውን ማጽዳት የእኛ ሥራ ነው። መርዝ ላይ ግን እንጠንቀቅ። አንዳንዱ የአይጥ መርዝ ቶሎ አይገድልም። መርዝ የበላች አይጥ እየተንገዳገደች ትዞራለች፤ ጉጉት በቀላሉ ይዛ ትበላታለች። መርዙም ወደ ጉጉቷ ያልፋል፤ እሷም ትሞታለች። በመርዝ የሞተ አይጥ በየሜዳው አይጣል፤ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር።

በእስራኤል አገር ገበሬዎች በ1983 ለጉጉት የጣውላ ሳጥን በየእርሻቸው መስቀል ጀመሩ፤ ለመርዝ የሚያወጡትን ለመቀነስ ነው። በ2002 ጎረቤቶቻቸው የዮርዳኖስ ገበሬዎች ተከተሏቸው። ሥራው ከባድ አይደለም። ጉጉት ጎጆ አትሠራም፤ የምትፈልገው ጨለማና ደረቅ ቦታ ብቻ ነው። ሳጥኑ ጉጉቷ የምትገባበት ቀዳዳ ይበጅለታል፤ ከዚያ ልጆች በማይደርሱበት ከፍታ በዛፍ ወይም በምሰሶ ላይ ይሰቀላል። በደጃችን ውስጡ የተቦረቦረ አሮጌ ዛፍ ካለ ደግሞ ሳጥንም አያስፈልግም፤ ዛፉን አለመቁረጥ ነው።