ስለ ዘንበል ያለ ኮርኒስና ስለ ጠርዝ እንጨት አቆራረጥ

የቤት መሥሪያ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ኮርኒስ ከግድግዳ ጋር የሚገናኝበትን መስመር የሚሸፍነው የጠርዝ እንጨት ከመደብር ደኅና ሆኖ ወጥቶ፣ ተቆራርጦና ተበላሽቶ ከቅሬታ ጋር የሚመለስበት ጊዜ አለ። ደንበኛው እንጨቱ ጠማማ ነው ይላል፤ አናጢው በግድግዳው ያመካኛል፤ ነጋዴውም ወይ ገንዘቡን ይመልሳል፣ ወይ ደንበኛውን ያጣል። ጉድለቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው በማዕዘኑ ስሌት ላይ ነው።

ኮርኒሱ ለጥ ያለ ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው። ሁለት ግድግዳዎች በ90 ዲግሪ ስለሚገናኙ እያንዳንዱ እንጨት በ45 ዲግሪ ይቆረጣል። ኮርኒሱ የጣራውን ተዳፋት ተከትሎ ሲያዘነብል ግን ይህ ልማድ አያገለግልም።

ከሁሉ አስቀድሞ ዝንባሌው ይለካል። ይኸውም በውሃ ልክ እየጠበቁ በአግድም 1 ሜትር ለክቶ፣ በዚያ ርቀት ኮርኒሱ ስንት ሳንቲሜትር ከፍ እንዳለ ማየት ነው። ከፍታው 18 ሳንቲሜትር ከሆነ ዝንባሌው 10 ዲግሪ ያህል ነው፤ 27 ከሆነ 15፤ 36 ከሆነ 20፤ 47 ከሆነ 25፤ 58 ከሆነ 30 ዲግሪ ነው።

ከዚህ በኋላ እንጨቱ አቅጣጫውን የለወጠበት ዲግሪ ለሁለት ይከፈላል። በአንድ ግድግዳ ላይ ለጥ ያለው ኮርኒስ ወደ 30 ዲግሪ ዝንባሌ በሚታጠፍበት ቦታ፣ የሁለቱም እንጨቶች ጫፍ በ15 ዲግሪ ይቆረጣል። ከግራና ከቀኝ በ30 ዲግሪ ያዘነበለ ኮርኒስ በአናቱ ሲገናኝ ግን መታጠፉ 60 ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ጫፍ በ30 ዲግሪ ይቆረጣል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በዚሁ አናት ማዕዘኑን በመለኪያ የለካ ሰው 120 ዲግሪ ያገኛል፤ ግማሹም 60 ነው። የመቁረጫው ቁጥር ግን ቀጥታውን ቁርጥ 0 ብሎ ስለሚጀምር፣ 60ን ከ90 ቀንሶ በ30 ላይ ማቆም ይገባል። እንዲህ ያለውን መሣሪያ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ይህን በአማርኛ ጽፈው ከዕቃው ጋር ቢሰጡ፣ ከብዙ ክርክር ይድናሉ።

ጥግ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ቅርጽ የወጣለት እንጨት በአንዱ ግድግዳ ለጥ ብሎ፣ በሌላው አዘንብሎ ሲመጣ፣ የሁለቱ ቅርጽ በ45 ዲግሪ አይገጥምም። መፍትሔው ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ እንጨት በጥጉ አቁሞ ሁለቱን ከእርሱ ጋር ማጋጠም ነው። በ30 ዲግሪ ያዘነበለው እንጨት ጫፍም በቱምቢ ልክ እንዲቆም በ30 ዲግሪ ይቆረጣል። እንዲህ ያለውን ቁራጭ አዘጋጅቶ የሚሸጥ ባለሱቅ ገበያ አያጣም።

ሽያጭ ሲደረግም የሚባክነው መታሰብ አለበት። 10 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው እንጨት በ30 ዲግሪ ሲቆረጥ በየጫፉ ወደ 6 ሳንቲሜትር ይሄዳል። ስለዚህ የግድግዳውን ርዝመት ብቻ ለክቶ የሚገዛ ሰው ሳይጨርስ ይጎድለዋል፤ ይህንም አስቀድሞ መንገር የሻጩ ፋንታ ነው። ዋናው እንጨት ከመቆረጡ በፊትም በሁለት ውዳቂ ቁራጮች ሞክሮ ማየት ይበጃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።