በወረታ ቤትን ለሽያጭ ስለ ማዘጋጀት

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድና ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈው መንገድ የሚገናኙባት፣ የፎገራም ሩዝ ተፈልፍሎ የሚጫንባት የንግድ ከተማ ናት። ስለዚህ በዚህች ከተማ ቤት ሊገዛ የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ ነጋዴ ነው፤ ቤቱን ከመኖሪያነቱ አስቀድሞ እህል ሊቀመጥበት መቻሉን ይመረምራል።

ይህን ያላስተዋሉ አንዳንድ ሻጮች ገንዘባቸውን በቀለም ላይ ይጨርሳሉ። ሆኖም የፎገራን ሜዳ የሚያውቅ ገዥ በጥር ወር ቤት ሲያይ የሚያስበው ስለ ነሐሴ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ከአፋቸው ወጥተው ሜዳውን ያጥለቀልቃሉ፤ በ1998 ዓ.ም. የደረሰው ጎርፍም አልተረሳም። ጥቁሩ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በዚህም ምክንያት መሠረቱ ያልጠለቀ ቤት ግድግዳው ያዘነብላል፣ በሩም አልዘጋ ይላል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ወጪ ለውሃ መውረጃ ቦይ መሆን ይገባዋል። ቦዩ ተጠርጎ ውሃው ከግድግዳው እንዲርቅ ይደረጋል፤ የላላው ቆርቆሮ ምስማር ይመታበታል፤ ቋሚው በምስጥ መበላቱ በቢላዋ ጫፍ ተወግቶ ይታያል፣ የተበላውም ይለወጣል። ምርጉ የረገፈ እንደ ሆነ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ከሰነበተ በኋላ ይመረጋል። ለዚህ ሥራ የሚስማማው ጊዜ ዝናቡ ካባራ በኋላ ያለው ጥቅምትና ኅዳር ነው። በመጋዘኑም ውስጥ ጆንያው ከወለሉ ከፍ ብሎ የሚቀመጥበት ርብራብ ቢሠራ ከአዲስ ቀለም የበለጠ ዋጋ ያመጣል።

ከግድግዳው ግርጌ የውሃ ምልክት ያለ እንደ ሆነ በችኮላ መለሰኑ አይረባም። ውሃው የት ድረስ እንደ ደረሰ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ ብልህ ገዥም አስቀድሞ የሚጠይቀው ጎረቤትን ነው። ሻጩ ራሱ ምልክቱን አሳይቶ፣ ከዚያ ወዲህ ወለሉን በድንጋይ ከፍ አድርጎ እንደ ሆነም ይህንኑ ቢያስረዳ፣ ክርክሩ ከጥርጣሬ ወጥቶ ወደ ዋጋ ይመለሳል።

ወረቀቱም እንደ ቤቱ ይዘጋጃል። በሕገ መንግሥቱ መሠረት መሬት አይሸጥም፤ የሚሸጠው በላዩ የተሠራው ቤት ነው። ስለዚህ የይዞታ ማረጋገጫው በማን ስም እንደ ሆነ፣ የግብሩ ደረሰኝ መሟላቱ፣ የባንክ ዕዳም አለመኖሩ አስቀድሞ ይጣራል። ቤቱ የባልና የሚስት የጋራ ሀብት ከሆነ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል፤ ያለ አንዳቸው ፈቃድ የተደረገ ሽያጭ ሊፈርስ ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በቁጥር 1723 ደግሞ ሥልጣን ባለው ክፍል እንዲመዘገብ ያዝዛል። በሽማግሌ ፊት ተጨባብጦ ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ይህ እስኪፈጸም ድረስ ቁልፉን ባይሰጥ ይሻለዋል።