ለሲኤንሲ ጠረጴዛ ከሞተሩ በፊት ዘንጉን ምረጡ

በቤቱ የሲኤንሲ ጠረጴዛ (በኮምፒውተር ትዕዛዝ የሚቆርጥ ማሽን) ለመሥራት የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያማርጠው ሞተር ነው። እኔ ግን ዘንጉ ይቅደም እላለሁ፤ ሞተሩ በምን ፍጥነት መዞር እንዳለበት የሚወስነው ዘንጉ ነውና።

አሠራሩ እንደ መኪና ክሪክ ነው። ጥርስ ያለው ዘንግ ይዞራል፤ አብሮት እንዳይዞር የታሰረው ዳዶ በጥርሱ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል፤ ጠረጴዛው ከዳዶው ጋር ተያይዟል። ዘንጉ አንዴ ሲዞር ዳዶው ስንት ይጓዛል? ከብረታ ብረት መደብር የሚገዛው ተራ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ጥርሳም ዘንግ 1.25 ሚሊ ሜትር ይወስደዋል። ለስሪዲ ፕሪንተር የሚሸጠው ዘንግ በብዛት 8 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። 1605 የሚባለው ውፍረቱ 16፣ ጉዞው 5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ዳዶው ውስጥ የብረት ኳሶች ይንከባለላሉ።

እንጨት ስትቆርጡ መቁረጫው በደቂቃ 1000 ሚሊ ሜትር ይሂድ እንበል። ተራው ዘንግ ሞተሩን በደቂቃ 800 ዙር ያስሮጠዋል፤ 1605 ግን 200 ዙር ይበቃዋል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ሥራ የተለመደው፣ በእርምጃ በእርምጃ የሚዞረው ስቴፐር ሞተር ጉልበቱ ያለው በዝግታ ሲዞር ነው፤ ሲፈጥን በጥቅልሉ ውስጥ ከረንቱ ለመሙላት ጊዜ ስለሚያጣ ጉልበቱ ይወርዳል። ሻጩ «1.2 ኒውተን ሜትር» የሚላችሁ ሞተሩ ቆሞ ሲይዝ ያለውን ነው። ድራይቨሩ (ለሞተሩ ከረንት የሚሰጠው ሰርኪዩት) የሚችል ከሆነ ፓወር ሰፕላዩን ከ24 ወደ 36 ቮልት ማሳደግ የፍጥነት ጉልበቱን ያሻሽላል። «ኔማ 23» የሚለው የሞተር መጠሪያም የሞተሩ ፊት 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ማለት ብቻ ነው፤ ጉልበቱን አይናገርም።

ጉልበት ሲያንስ የሚደርሰው ጉዳት ከባድ ነው። የተለመደው ስቴፐር አንዱን ዙር በ200 እርምጃ ይጨርሳል፤ መቆጣጠሪያው እርምጃውን ያዛል እንጂ መፈጸሙን አያይም። ሞተሩ እርምጃ ከዘለለ ቀሪው ሥራ ሁሉ ተዛንፎ ይቆረጣል።

ሌላው የዘንጉ ጉዳይ ሰበቃ ነው። በተራው ዘንግ ላይ ከሞተሩ ጉልበት ከግማሽ የሚበልጠው በሰበቃ ይጠፋል፤ ባለ ኳሱ 90 በመቶ ያህሉን ያሳልፋል። በዳዶውና በጥርሱ መካከል ክፍተት ካለም አቅጣጫ ሲቀየር ዘንጉ እየዞረ ጠረጴዛው ለቅጽበት ይቆማል፤ ክብ የተባለው ሥራ ጎባጣ ሆኖ ይወጣል። ይህን የትኛውም ትልቅ ሞተር አያስተካክለውም።

ርዝመትንም አስቡ፤ ዘንጉ በእጥፍ ሲረዝም መወዛወዝ የሚጀምርበት ፍጥነት ወደ ሩብ ይወርዳል።

ከላይ ወደታች ለሚሄደው ክፍል ግን ምርጫዬ ይለወጣል። ባለ ኳሱ ዘንግ ሰበቃው ትንሽ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ከባድ ስፒንድል (መቁረጫውን የሚያዞረው ክፍል) ተንሸራቶ ሥራው ላይ ሊወድቅ ይችላል። እዚያ በዙር 2 ሚሊ ሜትር የሚሄድ፣ ኳስ የሌለው ተራ ዳዶ ያለው ዘንግ ይሻላል፤ ክሪክ መኪና ተሸክሞ የሚቆመውም በዚሁ ሰበቃ ነው።

60 በ40 ሴንቲ ሜትር ለሆነ የእንጨት ጠረጴዛ፣ ለሁለቱ አግድም መስመሮች 1605ን ከኔማ 23 ጋር አጣምሩ። ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊትም ጉልበቱ ከፍጥነት ጋር እንዴት እንደሚወርድ የሚያሳየውን ግራፍ ሻጩን ጠይቁና በ200 ዙር ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ።