አንድ ቃል ከግማሽ ሳምንት ደሞዝ በላይ፦ የቅኝ ግዛት ዘመን ቴሌግራም ለምን ያን ያህል ተወደደ?



ዛሬ «ቴሌግራም» ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ስልካችን ላይ ያለው አፕ ነው። ጽሑፍ፣ ድምፅ፣ ቪዲዮ ስንቴ እንደላክን አንቆጥርም። ስሙ የመጣበት የድሮው ቴሌግራም ግን የሚከፈልበት በቃል ነበር። በ1880ዎቹ ከአውስትራሊያ ለንደን አንድ ቃል ለመላክ 9 ሽልንግ ከ4 ፔኒ ይጠየቅ ነበር። ያኔ እንግሊዝ ውስጥ እርሻ ላይ የሚሠራ የቀን ሠራተኛ በሳምንት የሚያገኘው 15 ሽልንግ ገደማ ነው።

ለምን ተወደደ? በኋላስ ምን አረከሰው? አብረን እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 መጀመሪያ የተዘረጋው ለማን ነበር?

ከሕንድ እንጀምር። በ1850ዎቹ መጀመሪያ ኦሾኔሲ የሚባል ሐኪም ካልካታን ከአግራ፣ ከቦምቤይና ከማድራስ ጋር የሚያገናኝ ሽቦ አዘረጋ። በ1855 አገልግሎቱ ለሕዝብ ተከፈተ። ታሪፉ ለ16 ቃል፣ በየ400 ማይሉ 1 ሩፒ ነበር። ርቀቱ ሲጨምር ክፍያውም ይጨምራል ማለት ነው።

«ለሕዝብ ተከፈተ» ይባል እንጂ ቅድሚያው ለመንግሥት ነበር። በግንቦት 1857 የሕንድ ወታደሮች በእንግሊዝ ላይ ሲያምፁ፣ ደልሂ ያሉ የቴሌግራፍ ሠራተኞች ወሬውን ወደ አምባላ አስተላለፉ። በዚህም ፑንጃብ ያሉት እንግሊዞች አመፁ ሳይደርስባቸው ተዘጋጁ። ከዚያ በኋላ ለገዢዎቹ ሽቦው ልክ እንደ ጦር መሣሪያ ሆነ።

🔹 ባሕር ሲመጣ ዋጋው ናረ

በ1865 ለንደንና ሕንድ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ በኩል ተገናኙ። ክፍያው ለ20 ቃል 5 ፓውንድ። በ1866 አውሮፓንና አሜሪካን የሚያገናኘው ገመድ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ለ20 ቃል 20 ፓውንድ ተጠየቀ፤ አንዱ ቃል በ1 ፓውንድ! በዚህ ላይ አድራሻውና የላኪው ስምም እንደ ቃል ይቆጠራል።

እውነት ለመናገር ወጪው ቀላል አልነበረም። ገመዱን ውሃ እንዳያበላሸው የሚሸፍነው ጉታ ፐርቻ የሚባል ሙጫ ከማላያና ከቦርኒዮ ደኖች ነበር የሚመጣው። ዛፉ ተቆርጦ ነው ሙጫው የሚወጣው፤ ብዙ ደንም በዚህ ምክንያት አለቀ። ገመዱ ሲበጠስ መርከብ ተልኮ፣ ከባሕር ወለል ተጎትቶ ወጥቶ ይቀጠላል። የመሸከም አቅሙም ትንሽ ነበር። በ1858 ንግሥት ቪክቶሪያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት የላከችው የ98 ቃል መልእክት 16 ሰዓት ፈጅቷል።

🔹 ግን ወጪው ብቻ ነው?

አይደለም። ጆን ፔንደር የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ነበር። በ1870ዎቹ መጀመሪያ የተለያዩ የገመድ ኩባንያዎችን አዋህዶ ትልቅ ድርጅት አቋቋመ። ከእንግሊዝ በሜድትራኒያንና በቀይ ባሕር አድርጎ ሕንድ፣ ከዚያም እስከ አውስትራሊያ የሚደርሰው ገመድ በእሱ ኩባንያዎች እጅ ገባ። በዚያ መንገድ አማራጭ ብዙም ስላልነበረ፣ ዋጋውን የሚወስኑት እነሱ ነበሩ።

እዚህ ጋ የአውስትራሊያን ታሪክ ልብ በሉ። በ1891 እዚያ ያሉ የቅኝ ግዛት መንግሥታት «ከኪሳራው ግማሹን እንሸፍናለን» ብለው ከኩባንያው ጋር ተስማሙ። የአንድ ቃል ዋጋ ከ9 ሽልንግ ከ4 ፔኒ ወደ 4 ሽልንግ ወረደ። ሽቦው ያው ሽቦ ነው፣ ባሕሩም ያው ባሕር።

ቀጥሎ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ በመንግሥት ገንዘብ በፓስፊክ ውቅያኖስ ሌላ ገመድ ዘረጉ። በ1902 ሥራ ሲጀምር ዋጋው 3 ሽልንግ ገባ። ተፎካካሪ ሲመጣ ዋጋ ወረደ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

🔹 የዚያ ዘመን «ሚስኮል»

ነጋዴዎቹም ዝም ብለው አልከፈሉም። የኮድ መጽሐፍ አሳተሙ። እዚህም እዚያም አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይቀመጣል፤ አንዷ ቃል የሙሉ ዓረፍተ ነገር ትርጉም አላት። «ዕቃው ተጭኗል፣ ገንዘቡን በባንክ ላክ» የሚለው በአንድ ቃል ያልቃል። አንድ ጊዜ ሚስኮል «ደርሻለሁ»፣ ሁለት ጊዜ «ውጪ» ብለን እንደምንግባባው መሆኑ ነው። ደሃው ግን ኮድም አልጠቀመው፤ ደብዳቤ ጽፎ መርከብ መጠበቅ ነበር ዕጣው።

🔹 እኛ ጋስ?

በ1868 እንግሊዞች መቅደላ ሲዘምቱ ከዙላ ወደ ውስጥ የቴሌግራፍ ሽቦ ይዘው ነው የገቡት። ያኔ በቀይ ባሕር በኩል የሚሠራ ገመድ ስላልነበር፣ ወሬው በመርከብ ሱዌዝ ደርሶ ነበር በቴሌግራፍ የሚቀጥለው። የአሜሪካ ጋዜጠኛው ሄንሪ ስታንሊ በሱዌዝ ሲያልፍ ለቴሌግራፍ ቤቱ ኃላፊ ጉቦ ሰጥቶ «የእኔን አስቀድም» ብሎት ነበር። ከመቅደላ መልስ የእሱ ዜና ቀድሞ ተላከ፤ ወዲያው በእስክንድርያና በማልታ መካከል ያለው ገመድ ተበጠሰ። የአፄ ቴዎድሮስን ሞት ለንደን መጀመሪያ የሰማችው ከራሷ ጦር ሳይሆን ከኒውዮርክ ጋዜጣ ሰው ነው።

በኋላ አፄ ምኒልክ ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር መስመር አዘረጉ። አገር ውስጥ ያለው ሽቦ የራሳችን ይሁን እንጂ፣ ወደ ውጭ የሚወጣ መልእክት በፈረንሳይዋ ጅቡቲ ወይም በጣሊያኗ ኤርትራ በኩል ማለፍ ነበረበት። ቅኝ ሳንገዛም በቅኝ ገዢዎች በር ነበር የምንናገረው።

🔹 ይህ ሁሉ ዛሬ ምን ይመለከተናል?

ቪዲዮ ስንከፍት ዳታው የሚመጣው ከሰማይ ይመስለናል። አብዛኛው የሚመጣው ግን በባሕር ሥር ገመድ ነው፤ ባሕር በር ስለሌለን ደግሞ እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉ ጎረቤቶች በኩል ይገባል። ቀይ ባሕር ዛሬም የገመድ ጎዳና ነው። በየካቲት 2024 እዚያ ገመዶች ሲጎዱ የብዙ አገር ኢንተርኔት ተንቀርፍፏል።

ስለዚህ «ፓኬጅ ለምን ተወደደ?» ብለን ስንጠይቅ፣ አብረን የምንጠይቃቸው አሉ፦ ገመዱ የማን ነው? በማን በር ያልፋል? ሌላ አማራጭስ አለ? ዋጋን የሚወስነው ርቀት ብቻ እንዳልሆነ አውስትራሊያዎች በ1891 አይተውታል።

እናንተ ጋስ ኔትወርኩና ዋጋው እንዴት ነው? ኮመንት ላይ ጻፉልን፤ ቃል አንቆጥርም። 😊